ኤምፒቲፒም ብርብራም አይሆንሽም፦ የፓርኪንሰን ቅጠል ለምትመረምር የሐረር ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሐረር የፋርማኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የባህል ሐኪሞች እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የሚሰጡትን አንድ ቅጠል በአይጥ ላይ ልፈትሸው ነው። አማካሪዬ “በኤምፒቲፒ ፓርኪንሰን ፍጠሪና ቅጠሉን አብረሽ ስጪ” ብለውኛል። ኬሚካሉ ውድ ነው፤ ማስመጣቱም ፈተና ሆኖብኛል። ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን አለ ሲባል ሰማሁ። ከፍሬው አውጥቼ ብወጋቸውስ? አይጦቹ ከተሻላቸውስ ቅጠሉ ፓርኪንሰንን ያድናል ብዬ መጻፍ እችላለሁ?»

ሦስቱንም በአጭሩ ልመልስ። ኤምፒቲፒውን፣ የአንጎል ነርቭ ሴሎችን የሚገድለውን መርዝ፣ ተዪው። ብርብራውን፣ ሮቴኖን የሚባለው መርዝ ያለበትን ዛፍ፣ ጭራሽ አትሞክሪው። «ያድናል» ብለሽም አትጻፊ። ሥራሽ ግን መሠራት ያለበት ሥራ ነው፤ መንገዱ ነው መቀየር ያለበት። ተመሳሳይ ጥያቄ ከድሬዳዋም ከሐረርም ተማሪዎች ስለሚደርሰኝ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በመርዝ ፓርኪንሰንን ላብራቶሪ ውስጥ የፈጠረ ሰው የለም። የሰው ፓርኪንሰን ዓመታት እየፈጀ የሚመጣ በሽታ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ሰውየው ሽታ መለየት ሊያቅተው፣ ሆዱ ሊደርቅበት፣ በእንቅልፉ ሊወራጭ ይችላል። አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን የነርቭ ሴሎቹ ውስጥ እየተጠራቀመ ይቋጠራል። ዶፓሚን የሚባለውን የእንቅስቃሴ መልእክተኛ ኬሚካል የሚያመርቱት ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ እንቅስቃሴ የሚታወከው ከእነሱ ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። መርዙ ከዚህ ሁሉ የሚያሳየን አንዱን ብቻ ነው። ዶፓሚን አምራቾቹን በቀናት ውስጥ ይጨርሳቸዋል። የፕሮቲን ቋጠሮው ብዙ ጊዜ የለም፣ የዓመታቱ ሂደት የለም፣ እርጅናውም የለም፤ ምክንያቱም የምንወጋቸው አይጦች ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ አይጧ የዶፓሚን እጥረት አለባት እንጂ ፓርኪንሰን የለባትም።

ኤምፒቲፒ የታወቀው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ለራሱ ሰው ሠራሽ ናርኮቲክ ሲሠራ ሳያውቀው ሌላ ኬሚካል ተቀላቀለበትና ሰውነቱ ደረቀ። በ1982 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንገድ ላይ «ሄሮይን» የወሰዱ ወጣቶች እንደ ሽማግሌ የፓርኪንሰን ታማሚ መናገርም መንቀሳቀስም አቅቷቸው ሆስፒታል ገቡ። ዊልያም ላንግስተን የሚባል የነርቭ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን ተከታትሎ ጥፋተኛው ኤምፒቲፒ መሆኑን በ1983 አሳተመ። ሌቮዶፓ፣ አንጎል ወደ ዶፓሚን የሚቀይረው የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሲሰጣቸው ወጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

አሠራሩን በደንብ ያዢው፤ የምርምርሽ ዕጣ እዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። ኤምፒቲፒ ራሱ ገዳይ አይደለም። ከደም ወደ አንጎል ይገባል። እዚያ የነርቭ ሴሎቹን ከበው የሚኖሩት ረዳት ሴሎች ውስጥ ማኦ-ቢ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ እሱ ነው ወደ ኤምፒፒ ፕላስ የሚቀይረው። ይሄኛው ነው መርዙ። ዶፓሚን አምራቾቹ ዶፓሚንን መልሰው በሚስቡበት በር ይገባና የማይቶኮንድሪያውን የመጀመሪያ የኃይል ጣቢያ፣ ኮምፕሌክስ አንድን፣ ይዘጋዋል። ሴሉ ኃይል አጥቶ ይሞታል።

አማካሪሽ እንዳሉት ቅጠሉን ከኤምፒቲፒ ጋር አብረሽ ሰጠሽ እንበል። አይጦቹም ዳኑ። ምን አወቅሽ? ቅጠሉ ማኦ-ቢን አግዶት ከሆነ መርዙ ከነጭራሹ አልተሠራም። በሩን ዘግቶት ከሆነ መርዙ አልገባም። ጉበት ኬሚካሉን ቶሎ እንዲያስወግድ አድርጎ ከሆነም ወደ አንጎል የደረሰው ጥቂት ነው። በሦስቱም መንገድ ማይክሮስኮፕ ሥር ሴሎቹ ተደርድረው ታያቸዋለሽ፤ ደስም ይልሻል። ለሰው ልጅ ግን ትርጉም የለውም፤ ታማሚው ኤምፒቲፒ አልወሰደማ! ሴሌጂሊን የሚባለው መድኃኒት አይጥን ከኤምፒቲፒ ፍጹም ያድናል፤ ማኦ-ቢን ስለሚያግድ ነው። በሰው ላይ ምልክቱን በመጠኑ ያቀልላል፤ የሴሎቹን ሞት ማቆሙ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ይሄ የእኛ አገር ተማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ኮኤንዛይም ኪው 10 እና ክሬቲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የኤምፒቲፒ አይጦችን ሲከላከሉ ታይተው ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። ኮኤንዛይም ኪው 10 በ600 ታማሚዎች ላይ፣ ክሬቲን ከ1,700 በሚበልጡ ታማሚዎች ላይ ተሞከረ። ሁለቱም ጥናቶች ጥቅም ስላልታየባቸው ከጊዜያቸው በፊት ተቋረጡ። የታማሚዎቹን ዓመታት አስቢ፤ በየቀኑ እየዋጡ፣ በየቀጠሮው እየተመላለሱ፣ ይሻለኛል እያሉ።

ኤምፒቲፒ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ለትክክለኛው ጥያቄ ሲውል ድንቅ ነው። በ1990 እነ ሃጋይ በርግማን በኤምፒቲፒ የደረቁ ጦጣዎች አንጎል ውስጥ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የሚባለውን ትንሽ ቦታ ሲጎዱት ጦጣዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በፈረንሳይ እነ ቤናቢድ እዚያው ቦታ ላይ ኤሌክትሮድ ተክለው በሰው ሠሩት፤ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ታማሚዎች የሚጠቀሙበት የአንጎል ማነቃቂያ ከዚያ ነው የመጣው። እዚያ የተጠየቀው «ዶፓሚን ሲጠፋ የአንጎል መስመሮች ምን ይሆናሉ?» ተብሎ ነበር። ለዚህ የዶፓሚን ሴል ያለቀበት እንስሳ በቂ ነው። «ሴሎቹ ለምን ይሞታሉ? ምንስ ያድናቸዋል?» ለሚለው ግን መርዙ የሚመልሰው ስለ ራሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ላብራቶሪ እንምጣ። እኛ ጋ በብዛት ያለው ስዊስ አልቢኖ የሚባለው ነጭ አይጥ ነው። ለኤምፒቲፒ በደንብ የሚጋለጠው ሲ57 ብላክ ሲክስ የሚባለው ጥቁሩ ዝርያ ነው፤ ነጩ ብዙ ይቋቋማል። ትልቋ አይጥ፣ ራት የምንላት፣ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ትቋቋማለች። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ከፍለሽ ያስመጣሽው ኬሚካል አይጦችሽን እምብዛም ሳይነካቸው ሊቀር ይችላል። በጥቁሩ ዝርያም ቢሆን የእንቅስቃሴ ለውጡ ስውር ነው፤ ቶሎም ይመለሳል።

ከዚህ የሚበልጠው የአንቺ ደኅንነት ነው። ኤምፒቲፒ ሰውን የሚጎዳው በትንሽ መጠን ነው። የተወጉ አይጦች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽንታቸው ያስወጡታል፤ ጎጇቸው ውስጥ ያለው ሰጋቱራ በሙሉ አደገኛ ይሆናል ማለት ነው። አየር የሚስብ ካቢኔ፣ የተለየ ክፍል፣ የሠለጠነ ሰው፣ የቆሻሻ ማስወገጃ ሥርዓት ይፈልጋል። በጓንትና በነጭ ጋዋን ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም። ጎጆ የሚያጸዱልሽ እናት ደግሞ ያንን ጓንት እንኳ ላያደርጉ ይችላሉ። ይሄ ካልተሟላ፣ በእኔ እምነት፣ ማንም አማካሪ ተማሪውን ኤምፒቲፒ ንኪ ሊል አይገባም። አማካሪሽን በአክብሮት ግን በግልጽ ንገሪያቸው።

ሲክስ-ሃይድሮክሲ ዶፓሚን የሚባለው ሌላው አማራጭ መርዝ በ1968 ስዊድናዊው ኡርባን ኡንገርስቴት ያስተዋወቀው ነው። ከደም ወደ አንጎል ስለማይገባ የራት ጭንቅላት ተበስቶ፣ በልዩ መሣሪያ ቦታው ተለክቶ፣ በቀጭን መርፌ ይገባል። በአንድ ጎን ብቻ ስለሚሠራ እንስሳዋ አፖሞርፊን የሚባለውን፣ እንደ ዶፓሚን የሚሠራውን መድኃኒት፣ ስትወጋ ወደ አንድ ጎን ትሽከረከራለች፤ ዙሩን ትቆጥሪያለሽ። ንጹሕ መለኪያ ነው። ግን ፈሳሹ በብርሃንና በሙቀት ይበላሻል። አስኮርቢክ አሲድ ጨምረሽ በበረዶ ካልያዝሽው ዓይንሽ እያየ ወደ ቡኒ ይቀየራል፤ ቡኒ ከሆነ ሞቷል፣ ድፊው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ቀዶ ጥገናውን ለምዶ የሚያለማምድሽ ሰው ሳይኖር፣ ለማስተርስ ጊዜ አይመከርም።

ወደ ብርብራው። የሰማሽው እውነት ነው። የብርብራ ፍሬ ሮቴኖንና የሱ ዘመዶች የሆኑ ኬሚካሎች አሉት፤ በጣና አካባቢ ፍሬው ተፈጭቶ ወንዝ ውስጥ እየተበተነ ዓሣ የሚያደነዝዘውም ለዚህ ነው። ሮቴኖን እንደ ኤምፒፒ ፕላስ ኮምፕሌክስ አንድን ይዘጋል። ልዩነቱ በር አይመርጥም፤ በቅባት ስለሚሟሟ ማንኛውም ሴል ውስጥ ይገባል። በ2000 አትላንታ የነበረው የቲሞቲ ግሪናሚር ቡድን ራቶችን ለሳምንታት ሮቴኖን በቀስታ ሲሰጣቸው ዶፓሚን አምራቾቹ ተለይተው ተጎዱ፤ አልፋ ሲኑክሊን ያለበት ቋጠሮም ታየ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የወደደው።

ነገር ግን ከፍሬ ያወጣሽው ሮቴኖን አይባልም። የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፤ መጠኑ ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። ብርሃንና አየር ያበላሹታል። ዛሬ የወጋሻቸውና ሳምንት የምትወጊያቸው ተመሳሳይ መጠን አግኝተዋል ብለሽ መማል አትችይም። ንጹሑ ሮቴኖን እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ በአንድ መጠን አንዷ ራት ስትሞት ሌላዋ ምንም አትሆንም። ሌላም አለ። ሮቴኖን ያገኘች ራት መላ ሰውነቷ ይታመማል፣ ትከሳለች፣ አትበላም። ያልተንቀሳቀሰችው ዶፓሚን አጥታ ነው ወይስ ስለታመመች? ቅጠልሽ ሆዷን ቢያረጋጋላትና ብትበላ ትንቀሳቀሳለች፤ አንቺ ደግሞ አንጎሏን አዳንኩ ብለሽ ትጽፊያለሽ። በተክል መርዝ ላይ የተክል መድኃኒት ስትጨምሪበት ደግሞ ሁለት የማይታወቁ ነገሮችን ነው የምታጋጥሚው። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚመታሽ እዚህ ላይ ነው፤ ልክም ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ባህል ሐኪሞቹ ቅጠሉን የሚሰጡት እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ይሄ የምልክት ጥያቄ ነው፤ የሴል ሞት ጥያቄ አይደለም። ለምልክት ጥያቄ የነርቭ ሴል መግደል አያስፈልግም። ሬዘርፒን ዶፓሚን የሚቀመጥባቸውን ከረጢቶች ባዶ ያደርጋል፤ ሃሎፔሪዶል ደግሞ የዶፓሚን ተቀባዩን ይሸፍናል። ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ተቃጠለ አንልም፤ እዚህም እንደዚያው ሴሉ በሕይወት አለ፣ መልእክቱ ነው የተቋረጠው። ኬሚካሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው፣ የሚያመጡት መታወክም የሚመለስ ነው፣ ስዊስ አልቢኖም በደንብ ይሠራባቸዋል። ተራ ነገርም አይደሉም። በ1957 አርቪድ ካርልሰን በሬዘርፒን የደረቁ እንስሳትን በዶፓ ያነቃው በዚህ መንገድ ነው፤ የሌቮዶፓ ሕክምና ሥሩ እዚያ ነው፣ በ2000 ኖቤል አግኝቷል።

ሃሎፔሪዶል ያገኘችን አይጥ የፊት እግሮቿን ከወለል ከፍ ባለ ዘንግ ላይ ስታስቀምጪላት እንዳስቀመጥሻት ትቀራለች። ጤነኛዋ ወዲያው ትወርዳለች፤ ይቺ ግን ጢሟን እያንቀሳቀሰች፣ ዓይኗን ከፍታ፣ እንደተንጠለጠለች ትቆያለች። እግሯን እስክታነሳ በሰዓት ትይዣለሽ። ርካሽ ነው፤ የሚለካውም በቀጥታ የሚታይ ነገር ነው። የሚቆጥረው ሰው የትኛዋ ምን እንዳገኘች ማወቅ የለበትም። ይሄንን አደራ፤ አጥኚው መልሱን እያወቀ ሲቆጥር ሰዓቱ ሳይታወቀው ወደሚፈልገው ያዘነብላል።

እዚህም ግን ወጥመዶች አሉ፣ ሦስቱም ከደጃችን። ለአይጥ የጫት ኤክስትራክት ብትሰጫት ትሮጣለች፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን ልክ እንደ አምፌታሚን ዶፓሚንን ገፍቶ ስለሚያስወጣ። ጫት ለፓርኪንሰን መድኃኒት ነው ልንል ነው? አይደለም። አጤ ፋሪስ ብትሰጫት ከዘንጉ ላይ ትወርድልሻለች፤ ውስጡ ያለው አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የሚባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ስለሚዘጋ። ይሄው ቅጠል ሰውን የሚያሳብድ፣ ሲበዛም የሚገድል ነው። ባቄላ ደግሞ ራሱ ሌቮዶፓ አለው፤ በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም ሌቮዶፓን ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው። ሦስቱም አይጧን ያንቀሳቅሷታል፣ ሦስቱም በተለያየ ምክንያት፤ አንዳቸውም ሴል አያድኑም። ቅጠልሽ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካላወቅሽ ውጤትሽ ባዶ ነው።

የምመክርሽ እንዲህ ነው። አንደኛው ምዕራፍሽ በስዊስ አልቢኖ ይሁን። ምንም መርዝ ላላገኙ ጤነኛ አይጦች ቅጠሉን ብቻ ሰጥተሽ «ክፍት ሜዳ» በሚባለው ሰፊ ሳጥን ውስጥ እንቅስቃሴያቸውን ለኪ፤ እንደ ጫት የሚያነቃ ወይም የሚያስተኛ ከሆነ እዚህ ይጋለጣል። ቀጥሎ በሃሎፔሪዶልም በሬዘርፒንም ሞክሪው። ለማነጻጸሪያ ሌቮዶፓን ወደ አንጎል እንዲደርስ ከሚረዳው ካርቢዶፓ ጋር፣ እንዲሁም አሴቲልኮሊንን የሚዘጋውን ትራይሄክሲፊኒዲል፣ አርቴን የሚባለውን፣ ያዢ። ሁለቱም ለታማሚ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ስለሆኑ እንደ ኤምፒቲፒ አያንከራትቱሽም። ቅጠሉ ሬዘርፒኑን አንቅቶ ሃሎፔሪዶሉን ካልቻለው ወደ ባቄላው ወገን ያዘነብላል። ሃሎፔሪዶሉን እንደ አርቴን በቀላሉ ከፈታው አጤ ፋሪስን ጠርጥሪ፤ የአይጦቹን የዓይን ብሌን ተመልከቺ፣ ተለጥጦ ከሆነ ፍንጭ ነው።

ሴል ማዳንን ካልነካሁ አይሆንም ካልሽ ሁለተኛው ምዕራፍ በፍሬ ዝንብ ይሁን። ድሮሶፊላን ማለቴ ነው። በ2004 ፈረንሳይ ውስጥ ሮቴኖን ምግባቸው ላይ የተቀላቀለባቸው ዝንቦች ከቀናት በኋላ ዶፓሚን ሴሎቻቸው እንደሞቱ፣ ሽቅብ መውጣትም እንዳቃታቸው ታይቷል። ዝንብን ቱቦ ውስጥ አድርገሽ መታ ስታደርጊው ወደ ታች ይወድቃል፤ ጤነኛው ወዲያው ሽቅብ ይሮጣል፣ የተመረዘው ከታች ይንገዳገዳል። መስመር አስምረሽ ስንቱ እንዳለፈ ትቆጥሪያለሽ። የሚበቃሽ ጥቂት ንጹሕ ሮቴኖን ነው፣ ከታወቀ አቅራቢ። ዝንቦቹም ዘራቸው የታወቀ ይሁን፤ ከማንጎ ላይ የተያዙ አይሆኑም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። የሐረር አየር በትንሽ ማሞቂያ ይደርስልሻል፤ እዚህ ድሬ ግን በሙቀቱ ወራት ወንዶቹ ዝንቦች ይመክናሉ፣ ዘር ይቋረጥብሻል።

ቅጠሉን ከመርዙ በፊት ወይም እኩል አትጀምሪ። መርዙ ከጀመረና ጉዳት ከታየ በኋላ ጀምሪ፤ ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ከታመመ በኋላ ነው። ሌላው፣ ዝንቦቹ የሚበሉትን መጠን ለኪ። ቅጠሉ መራራ ከሆነና ምግቡን ከተዉት መርዙንም አልበሉም ማለት ነው፤ ውጤቱ ማዳን ይመስልሻል። አንጎል ቆርጠሽ ማየት ከቻልሽ ደግሞ ዶፓሚን ለመሥራት የሚያገለግለውን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም በሚያሳየው ቀለም ብቻ አትርኪ። ሴሉ ሳይሞት ያንን ኢንዛይም ማምረት ብቻ ሊያቆም ይችላል፤ በሌላ ቀለም የሴሎቹን ጠቅላላ ቁጥር አረጋግጪ።

ውጤቱ ካማረ ኤምፒቲፒው ወይም ሲክስ-ሃይድሮክሲው ያኔ ይመጣል፤ መሣሪያውም ልምዱም ካለው ላብራቶሪ ጋር በትብብር፣ ለፒኤችዲሽ።

አጻጻፉን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ። እኛ አካባቢ «ዩኒቨርሲቲው አጥንቶታል» የሚባል ወሬ ከቴሲስሽ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አባት ሌቮዶፓውን ትቶ ቅጠሉን ይቀቅላል። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ሰው ክፉኛ ሊደርቅ፣ ትኩሳት ሊነሳበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ርዕስሽ «የእገሌ ቅጠል ኤክስትራክት በሃሎፔሪዶልና በሬዘርፒን በተፈጠረ የእንቅስቃሴ መታወክ ላይ ያለው ውጤት፣ በስዊስ አልቢኖ አይጦች» ይሁን። መደምደሚያሽም ከዚያ አይለፍ፤ አይጦቹ መሆናቸውን፣ መጠኑን፣ የመርዛማነት ምርመራ መሠራት አለመሠራቱን እዚያው ጻፊ። ቅጠሉን ለነገሩሽ ባህል ሐኪምም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲሁ አስረጃቸው፤ ከሌቮዶፓ ጋር አብሮ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ገና እንዳልተጠና፣ ታማሚውም የሐኪም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ፕሮፖዛሉን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከማስገባትሽ በፊት የአይጦቹን ቁጥር ከስታትስቲክስ ባለሙያ ጋር አስልተሽ፣ ለምን ኤምፒቲፒን እንደተውሽ በአንድ አንቀጽ አስገቢበት፤ አማካሪሽም ያንን አንቀጽ ሲያነቡ የሚቃወሙ አይመስለኝም።